ወፍጮው ይጮኻል፣ የሚወጣ ግን የለም

አዳማ ላይ የበቆሎ አገዳና ቆረቆንዳ ለብሪኬት (ተጨምቆ ለሚሠራ ማገዶ) መፍጨት ስጀምር ብልሽት ሁሉ የማሽኑ ይመስለኝ ነበር። መካኒክ እጠራለሁ፣ ከፍዬ እሸኛለሁ፣ በማግስቱ ያው ነው። አሁን መፍቻ ከማንሳቴ በፊት እጄን የምሰደው ወደ ክምሩ ነው።

ችግር፦ ጩኸት ብቻ፣ ከታች ምንም

አጥፉት። መዶሻዎቹ፣ ማለትም ውስጥ እየዞሩ የሚመቱት ብረቶች፣ መዞር እስኪያቆሙ ጠብቁና ክፈቱ። ወንፊቱ ላይ የተጋገረ ነገር ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእርጥበት ነው። ደረቅ አገዳ ሲመታ ይሰበራል። እርጥቡ ግን ይተለተላል፤ ቃጫው ቀዳዳው ላይ ተኝቶ ይደፍነዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርብ ነው ብለው ባጋስ (ተጨምቆ የቀረ የሸንኮራ አገዳ) የሚያስቡም አሉ። ባጋስ ከመጭመቂያው ሲወጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እንዳለ ወደ ወፍጮ አይገባም። ከሻገተም ተዉት፣ አቧራው ሳንባ ያሳምማል።

መፍትሄው ማስጣት ነው። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ አይከፈልበትም፤ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ አገላብጡት። በእጅ ዳሰሳ ብቻ አትመኑ፣ ቆረቆንዳ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። 100 ግራም መዝኑና ሳታሳርሩ ምጣድ ላይ አድርቁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም 85 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 15 በመቶ ነበር ማለት ነው። እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ስጡ ይመለስ።

ደርቆም ይደፈናል? እንግዲያው ወንፊቱ ጠቧል። ሁሉም ሰው እንደ በርበሬ እንዲልም ይፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሳይከስል በማሽን ለሚጨመቅ ብሪኬት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ትንሽ ዱቄት የተቀላቀለበት ስባሪ ይበቃል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር መብራት ይበላል። ረጅም አገዳ ደግሞ ዘንጉ ላይ ስለሚጠመጠም አስቀድሞ መቆራረጥ አለበት።

ችግር፦ ምርቱ ቀነሰ፣ ሻካራ ሆነ

የመዶሻዎቹ ጠርዝ ዶልዱሟል። ገልብጣችሁ በሌላው ጠርዝ አስገቧቸው። ቶሎ ቶሎ ከዶለዶሙ መሬት ላይ የተጠረገ ገለባ እያስገባችሁ ነው፤ አሸዋ እየፈጫችሁ ነው ማለት ነው። ከመሃል ትልልቅ ቁራጭ የሚወጣ ከሆነ ግን ወንፊቱ ተቀዷል።

ችግር፦ ይንቀጠቀጣል

ይሄ የኔ ጥፋት ነው። አንዷን መዶሻ ብቻ አስበይጄ መለስኳት፣ ወፍጮው ሊነሳ ደረሰ። ትይዩ የሚቆሙት መዶሻዎች በሚዛን እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ሆነውም ካልቆመ ኩሽኔታውን እዩ።

ችግር፦ ሞተሩ ይሞቃል

ባዶውን እየዞረ ከሞቀና እምም ካለ አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ) ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው አጥፉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ሲጫን ብቻ ከሞቀ ግን ከፍታውን አስቡ። ሞተር በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው ጉልበቱ የሚጻፍበት። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። አገባቡን ቀንሱ፣ ስትገዙም ጉልበቱ ከፍ ያለውን ምረጡ። ፍጥነቱ ሳይሞላ አታስገቡ።

ችግር፦ የመቃጠል ሽታ

መጀመሪያ ቺንጋው ተንሸራቶ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ሚስማር ወይም ድንጋይ ገብቶ ብልጭታ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። መግቢያው ላይ ማግኔት አስሩ። የዚያን ሰዓት የተሞሉትን ጆንያዎች ነፋስ የማያገኘው ደጅ አውጥታችሁ ዘርግፏቸው፤ ውስጡ የታፈነ ፍም ሌሊት ሊነሳ ይችላል።