የሀበሻ ዶሮ ቀለምና መልክ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በጅማ ገበያ የበዓል ሰሞን ቀይ ላባና ድርብ ኩክኒ (አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ያለው አውራ ዶሮ ከጥቁሩና አንገቱ ላባ ከሌለው ከመላጣው ቀድሞ ይሸጣል። ብዙ ሰው በዚህ ተስቦ አንድ መልከ መልካም አውራ ገዝቶ እርባታ ይጀምራል። በሁለተኛው ዓመት ግን ግቢው ውስጥ ወሰራው፣ ገብስማው፣ ጥቁሩ ተደባልቆ ያገኘዋል። ያኔ ዘሩ ይታማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ዘሩ ሳይሆን አባቱ ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ከቀይ አውራና ከቀይ ቄቦች ሌላ ቀለም ሲፈለፈል

ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ ዛሬ ቢዘጋባትም ነገ የምትጥለው እንቁላል የድሮ ሠፈሯ አውራ ልጅ ሊሆን ይችላል። አጥር ዘልሎ የሚገባው የጎረቤት አውራ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ይበቃዋል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከ8 እስከ 10 ሴቶችን ከአንድ አውራ ጋር በቀርከሃ ወይም በሽቦ ታጥሮ ላዩ በተሸፈነ ቦታ ይዝጉ። የመጀመሪያዎቹን 21 ቀናት እንቁላል ለቤት ይጠቀሙበት፤ ለመታቀፊያ የሚያዘው ከ22ኛው ቀን ጀምሮ የሚጣለው ነው። ቀኑንና የእናቲቱን ምልክት በእርሳስ ይጻፉበት። ሹል ጫፉን ወደታች አድርገው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡትና ከ7 ቀን ሳያልፍ ለምትታቀፈዋ ይስጧት። አንዲት የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል በደንብ ትሸፍናለች። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይዩት፤ የደም ሥር ያልታየበትን ያውጡ። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ሲወጡ እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰሩላቸው። እግሩ ስለሚወፍር ክሩ እንዳይቆርጠው በየሳምንቱ ይላላ።

የጫጩት ጭገር የወደፊቱን ቀለም አይናገርም። የአዋቂ ላባው በሙሉ ሳይወጣ፣ ማለትም 5 ወይም 6 ወር ሳይሞላው፣ በቀለሙ ምክንያት አይሽጡት። ብዙ ጥሩ ዶሮ በዚህ ጥድፊያ ይጠፋል።

ከድርብና ከድርብ ነጠላ ሲወለድ

እዚህ ጎረቤትን መጠርጠር አያስፈልግም። ድርብ ኩክኒ ነጠላውን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች ድርብ ሆነው ነጠላን ተሸክመው ከሆነ ከአራት ጫጩት አንዱ ነጠላ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። አውራውን ለመፈተን ነጠላ ኩክኒ ካላቸው ሴቶች ጋር ያገናኙት። አንድ ነጠላ ጫጩት ከታየ ተሸካሚ ነው። ከ10 በላይ ተፈልፍለው ሁሉም ድርብ ከሆኑ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

ግን ንጹሑን ብቻ ለማስቀረት አይቸኩሉ። ከሁለቱም ወላጆቹ ድርብን የወረሰ አውራ የማስረገዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ባዶ እንቁላል የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኛ የምንመርጠው ነጠላን የተሸከመ አንድ ጠንካራ አውራ ሁልጊዜ መያዝን ነው። አልፎ አልፎ ነጠላ መውለዱ ከባዶ እንቁላል ይሻላል።

የገብስማዋ ሴት ልጆች ጥቁር ሲሆኑ

ገብስማ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ላባ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር በአግድም ተደርድሮ ከሆነ ይህ ቀለም ከጾታ ጋር ተያይዞ ይወረሳል። እናት መስመሩን የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁር አውራ ከገብስማ ሴት ጋር ሲገናኝ ወንዶቹ ገብስማ፣ ሴቶቹ ጥቁር ይሆናሉ። ማንም አላጠፋም፤ ግንኙነቱ ተገላብጦ ነው። ገብስማነትን ለሴቶቹም የሚያወርሰው አውራው ነው።

አውራውም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ መስመሩን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ነጣ ያለ ሲሆን ከአንዱ ብቻ የወረሰው ጠቆር ይላል። ንጹሑ አውራ ከጥቁር ሴት ጋር ሲገናኝ ጫጩቶቹ በሙሉ ጥቁር ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይፈለፈላሉ። ይህ ነጥብ በመጀመሪያው ቀን ስለሚታይ ፈተናው አያስጠብቅም።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። በየገጠሩ የተሠራጨው ኮኮክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዶሮም መስመር ያለው ነው። ሰውነቱ ከበድ ካለና ሴቶቹ እንቁላል ጥለው መታቀፍ እምቢ ካሉ የሀበሻ ዘር ብቻ አይደለም፤ ለሥጋና ለእንቁላል ይሁን እንጂ ለዘር አይያዝ።

ነጭ ከነጭ ሲገናኝ ባለ ቀለም ከወጣ፣ ነጭነታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ነጭ ሌላውን ቀለም ይሸፍናል፤ ሌላኛው ነጭ ራሱ ይሸፈናል። እያንዳንዱን አውራ ከጥቁር ሴት ጋር ይፈትኑት። ልጆቹ ነጭ ከሆኑ የሚሸፍነው፣ ባለ ቀለም ከሆኑ የሚሸፈነው ነው። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አያቀላቅሉ።

ቀለሙ በመኖ ምክንያት ሲጠፋ

በቀይ ወይም በጥቁር ጫጩት ክንፍ ላይ ነጭ ላባ ሲመጣ ሰው የዘር ጉድለት ነው ይላል። ነገር ግን ጉዳዩ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ማነስ ሊሆን ይችላል። በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል፤ የኑግ ፋጉሎም ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም ላይሲኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፋጉሎውን ማብዛት ብቻ አይፈታውም። ለ10 ኪሎ የጫጩት መኖ፦ 5.5 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 2 ኪሎ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፣ 1.5 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 800 ግራም ፉርሽካ፣ ቀሪው 200 ግራም የአጥንት ዱቄትና ጨው ሲሆን ከውስጡ 30 ግራሙ ጨው ይሁን። አኩሪ አተሩ ጥሬውን አይሰጥም፤ ጥሬው ፕሮቲኑን እንዳይፈጩ ይከለክላቸዋል። የወጣው ነጭ ላባ አይመለስም፤ የመኖው ለውጥ የሚታየው ቀጥሎ በሚበቅለው ላባ ላይ ነው።

የቢጫ እግር መንጣትም እንዲሁ ነው። ቢጫውን የሚሰጠው ከመኖ የሚገኝ ቀለም ሲሆን በአካባቢያችን በብዛት የሚበላው ነጭ በቆሎ ደግሞ የለውም። ተከትፎ የሚሰጥ ጎመን፣ አልፋልፋ ወይም ለጋ ሣር በየቀኑ ይጨምሩ፤ ቢጫ በቆሎ ከተገኘም ይቀላቀል። እንቁላል በመጣል ላይ ያለች ዶሮ ግን ቀለሙን ወደ አስኳሉ ስለምታወጣ እግሯ ቢነጣ አይገርምም፤ በዚያ ወቅት በእግሯ ቀለም አይምረጧት።

መላጣው አንገቱ ላይ ላባ ሲያበቅል

በአንገቱ ፊት ለፊት የላባ ጉብታ ያለው መላጣ መላጣነትን የወረሰው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሲገናኙ ከአራት አንዱ ሙሉ አንገተ ላባ፣ ሁለቱ ጉብታ ያላቸው፣ አንዱ ፈጽሞ መላጣ ይሆናል። አንድ ወጥ መንጋ የሚፈልግ ጉብታ የሌላቸውን ብቻ ያራባል።

የጅማ ዝናብና ጉዝጓዙ

የቡና ገለፈት በአካባቢው በብዛት ስለሚገኝ ብዙዎች ከጫጩት ሥር ያነጥፉታል። ዝናብ ሲረዝም ረጥቦ ይሻግታል፤ ሻጋታው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የበርጩማ ጠራቢዎች የሚጥሉትን ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንጥፉ። የረጠበውን በየቀኑ ያውጡ፤ የላመ ሰጋቱራ ግን ጫጩት ስለሚውጠው አይሆንም።