የቮልስ ዕቃ በቴሌግራም የምትሸጡ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

“የቮልስ ዕቃ አለ፣ ለፈለገ ይደውል።” ከጽሑፉ በላይ ያለው ፎቶ ሲሚንቶ ላይ የተጋደመ ጥቁር ብረት ያሳያል። ሞተሪኖ (ሞተር የሚያስነሳው) ይሁን ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው) አይለይም። ሞዴል የለም፣ ቁጥር የለም፣ ዋጋ የለም። ከሥር የተሰለፈው ሁሉ “ዋጋ?” ይላል፤ መልሱ “በውስጥ” ነው። ከወራት በኋላ ያው ፎቶ ተመልሶ ይለጠፋል፤ ሻጩም “ዘንድሮ ቮልስ ማን ይገዛል!” እያለ ያማርራል።

ይገዛል እንጂ። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑኤብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው፤ 21,529,464ኛዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልተሠራችም። እኛ ጋ ደግሞ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ በኋላ፣ የአባቱን ቮልስ ሸራ ገልጦ ማስጠገን የጀመረ ሰው አይጠፋም። ገዢው አለ። የሚያባርረው የእናንተ አሻሻጥ ነው።

ጀማሪዎቹን አልጠላም። እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ቴስታታ (የሞተር ራስ) ምናለሽ ተራ ገብቶ፣ ቀልጦ ድስት በሆነ ነበር። ግን አንዳንዱን ስህተት ማየት ሰልችቶኛል።

የማን ዓመት እንደሆነ ሳይናገሩ ዓመት መጻፍ

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። “የ60 ሞዴል ሞተሪኖ።” የማን 60? በእኛ 1960 ዓ.ም. በፈረንጅ ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1968 ያለው ጊዜ ነው። የፈረንጅ 1960 ደግሞ በእኛ 1952 እና 1953 ላይ ይውላል። ፍሪጅ ብትሸጡ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል ማንም አይሞትም። ቮልስ ግን ከውጭ ሲያዩዋት አንድ ትመስላለች እንጂ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሌላ መኪና ሆናለች። የፈረንጅ 1960ዋ 6 ቮልት ናት፤ የፊት መብራቷ መስታወት ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ ቸርኬዋ በ5 ብሎን ይታሰራል፣ የብሎኖቹ ክብም 205 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ 1960 ከፋብሪካ የወጣችው ግን ባብዛኛው 12 ቮልት፣ መብራቷ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፓራውልቷም (የፊትና የኋላ መከላከያዋ) ሌላ ነው። ኋላ የመጡት ቸርኬዎች በ4 ብሎን፣ በ130 ሚሊ ሜትር ይታሰራሉ። አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ በመዶሻም አይሆንም።

አንድ ልጅ ይህን “የ60” ሞተሪኖ ሐዋሳ ላሉ ጡረተኛ መምህር ላከላቸው። ዕቃው የወረደባትን መኪና የልጁ አጎት በ1960 ዓ.ም. ነው አዲስ የገዟት። የመምህሩ ቮልስ ደግሞ የፈረንጅ 1960 ናት። ሞተሪኖው የሚነክሰው ባለ ጥርስ ጎማ፣ ቮላኖው፣ በ6 ቮልቷ ላይ ባብዛኛው 109 ጥርስ ነው፣ በ12 ቮልቷ ላይ 130፤ ስለዚህ ሞተሪኖው መንከስ ትቶ ማንኳኳት ጀመረ። ስልክ ተደወለ። “የ60 ነው አላልከኝም?” “አዎ ጋሼ፣ የ60 ነው!” “የኔም እኮ የ60 ናት፣ ልጄ!” ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ፤ የመላኪያውንም የመመለሻውንም ብር ልጁ ከፈለ፣ መምህሩም ከዚያ በኋላ ከማንም በቴሌግራም አልገዙም።

ዓመተ ምሕረቱ ቢገለጽ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በኦገስት ነው። በኦክቶበር 1967 የተሠራች ቮልስ የ1968 ሞዴል ናት። በዚያ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት ሲሆኑ፣ ለሌላው ዓለም የተሠሩት የዚያው ዓመት ቮልሶች ገና 6 ቮልት ነበሩ፤ 1200 የሚባለው ርካሹ ሞዴል እንዲያውም ከዚያ በኋላም በ6 ቮልት ቆይቷል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ “የ67 ነው” ብሎ የላከው ዲናሞ አዲስ አበባ ያለችው “67” ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

1967 ካነሳን አይቀር፦ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስ መወሰዳቸውን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ “ጃንሆይ የተወሰዱባት ቮልስ ስፖኪዮ” የሚሸጥ አንድ አይጠፋም። እስካሁን የቀረቡት ስፖኪዮዎች ቢሰበሰቡ ለአንድ የቮልስ ሰልፍ ይበቃሉ። ተዉ፣ የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል፤ የሚስቅባችሁ ሰው ደግሞ አይገዛችሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃ ከመኪና ላይ ስታወርዱ የኋላውን ወንበር አንሱ፤ መሃል ላይ ባለው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። በፈረንጅ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ይነግራችኋል፦ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968፣ 115 ብሎ የሚጀምር የ1965 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ስለሆነ 110 ብሎ አሥር አሃዝ ከሞላ 1970 ነው። ፎቶ አንሱት፣ ከዕቃው ፎቶ ጋር አስቀምጡት። መኪናዋ ከሌለችና ብረቱ ብቻ እጃችሁ ላይ ካለ፣ የዕቃውን ቁጥር ፈልጉ። 111 ወይም 113 ብሎ የሚጀምር ለቮልስ፣ 211 ለኮምቢ (ለቮልስዋገን ሚኒባስ) የወጣ ነው። ብዙ ቸርኬዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት ሳይቀር ተመትቶ ይገኛል፤ ዝገቱን በናፍጣ ጠረግ ማድረግ ነው። ከዚያ “ለየትኛው ይሆናል?” የሚለውን ጥያቄ ገዢው ራሱ ይመልሳል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ከእናንተ ይልቅ መኪናውን ያውቃል፤ የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ቀለም መንፋት

ቴስታታ በብርማ ቀለም ነፍቶ “እንደ አዲስ” የሚል ሰው ሳይ እጄን ያሳክከኛል። የቮልስ ቴስታታ የሚሰነጠቀው በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቭ መቀመጫው መካከል ነው፤ ገዢው መጀመሪያ የሚያየውም እዚያው ነው። እናንተ ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ቀለም ነፍታችኋል። ባታስቡትም “ስንጥቅ ደብቄያለሁ” ብላችሁ ጽፋችኋል። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር ያለበትን ወገን በደንብ አሳዩ፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚከለክል እሱ ከሌሎቹ ይብስ ይግላል፣ የሚያውቅ ገዢም ይጠይቃል።

ዕቃውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በቃ። በግራይንደር የተላገ የካርቡራተር አካልም አይቻለሁ፤ ሶሌክስ የሚለው የአምራቹ ስምና ቁጥሩ አብረው ሄደዋል። ዓይነቱ 30 ፒክት ይሁን 34 ፒክት አይታወቅም፤ የ34ቱ መቀመጫ ደግሞ ከ30ው ጋር ያለ አስማሚ አይገጥምም። ያ ልጅ ካርቡራተሩን አንጸባርቆ ዋጋውን ግማሽ አደረገው።

“ኦሪጅናል” ማለት

ሶማሌ ተራ ውስጥ “ኦሪጅናል” የማይባል ዕቃ ካለ አሳዩኝ። ቃሉ ከማለቁ የተነሣ ምንም አይናገርም። በምትኩ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ጻፉ፦ ቦሽ፣ ሄላ፣ የቮልስዋገን ምልክት፣ “ጀርመን”፣ “ብራዚል”። የብራዚል መሆኑ ነውር አይደለም። ቮልስዋገን እዚያ ራሱ ፋብሪካ አለው፣ ቮልስም በፈረንጅ እስከ 1986፣ እንደገና ደግሞ ከ1993 እስከ 1996 ሠርቷል። ነውሩ “ሜድ ኢን ብራዚል” የሚለውን በአውራ ጣት ሸፍኖ ፎቶ ማንሳት ነው። ጣታችሁ እኮ ፎቶው ላይ ይታያል።

ፎቶ

የራሳችሁን ፎቶ አንሱ፤ ከኢንተርኔት አትቅዱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ቁጥሩ፣ ጉዳቱ፣ ሜትር ተዘርግቶ። የሻጭ ስልክ ብልጭታ ኒኬል ላይ ሲያርፍ ዝገት ስለሚጠፋ ውጭ፣ ጥላ ውስጥ አንሱ። ስቱኮ የተሞላ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ) ከሆነ ማግኔት ለጥፋችሁ አሳዩ፤ የማይይዝበትንም ጭምር። ጉዳቱን ቀድማችሁ ካሳያችሁ ሰው በዋጋ ብቻ ይከራከራችኋል፤ ደርሶት ካገኘው ግን በስማችሁ ላይ ይከራከራል።

ዋጋ መደበቅ

ጻፉት። “ድርድር አለው” ማለት ይቻላል።

የተጋባን ዕቃ ማፋታት

ዲስትሪቢዩተሩን ለአንዱ፣ ማሰሪያውን ለሌላው፣ ካርቡራተሩን ያለ ኬብል ማያዣው መሸጥ። አምስት ብር የማያወጣ የምትመስል ትንሽ ብረት ናት አሥር ሱቅ የምታዞረው፤ አሁን የሚሠራት የለም። ዕቃ ስታወርዱ ብሎኑን፣ ማሰሪያውን፣ ፒኑን በፌስታል ቋጥራችሁ ከዋናው ጋር እሰሩት። ያንን ፌስታል ፎቶው ላይ ያየ ገዢ ዋጋ ለመቀነስ ድፍረት ያጣል፣ ሞክሩት።

በዚያው ልናገር፦ ወለሏ ያልበሰበሰ፣ ሊብሬዋ ያለ፣ ሞተሯ ብቻ የሞተ ቮልስ አግኝታችሁ ፈታታችሁ ለመሸጥ ከማሰባችሁ በፊት፣ እንዳለች ለመሸጥ ሞክሩ። በሮቹን፣ መስታወቱን፣ ቸርኬውን ደምራችሁ የምታገኙት ብዙ ይመስላል፤ የሚሸጠው ቶሎ ይሸጣል፣ የቀረው አካል ግን ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ ሲያሳድር ይከርማል።

ፍሬንና ጎማ ነክ ነገር

የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ፓምፕ ጎማ፣ የመሪ ጫፍ “ትንሽ የሠራ” ብላችሁ አትሽጡ። የፓምፑን ብረት “ጎማው መቀየር አለበት” ብሎ መሸጥ ይቻላል፤ ሌላውን ጣሉት። በዚህ አልደራደርም።

ሞተር ያለ ወረቀት

ሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ። ሞተር ስትሸጡ የሽያጭ ውልና ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ካልሰጣችሁ፣ ገዢው መንገድ ትራንስፖርት ሲሄድ የሚደውለው ለእናንተ ነው። ስትገዙም እንዲሁ፦ ማታ ተሸክሞ የመጣን ሰው መታወቂያውን ሳትይዙ አንድ ስፖኪዮ እንኳ አትቀበሉ። ስፖኪዮ እንዴት እንደሚጠፋ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

“ሞተሩ ይሠራል” ካላችሁ ደግሞ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ቪዲዮ አሳዩ። ወርዶ መሬት ላይ ከሆነ፣ ፑሊውን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋችሁ አሳዩ። የክራንክ ሻፍቱ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው መሆን ያለበት፤ ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ መፈታት ይፈልጋል። በእጅ ገፍታችሁ “ቋ” ሲል በግልጽ ከሰማችሁ መለኪያም አያስፈልግ፤ “ለመለዋወጫ” ብላችሁ ሽጡት።

አላላክ

ክፍለ ሀገር የሚሄደው በአውቶቡስ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ደግሞ የእናንተ ፓራፋንጎ ብቻውን አይሄድም። በፌስታል ተጠቅልሎ ጣራ ላይ የወጣ፣ ላዩ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ያረፈበት ፓራፋንጎ ድሬዳዋ ሲደርስ ትሪ ሆኖ ነበር፤ ገዢው ፎቶውን ሲልክልኝ እኔ የሸጥኩት መስሎት ነው፣ ሻጩ ሌላ ሰው ነበር። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ጫፍ ጫፉን በአሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ የእንጨት ሳጥን። የሳጥኑን ዋጋ ገዢው ይክፈል፣ ቀድማችሁ ንገሩት። ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱን አፍስሱ፤ የሌላ ሰው የበዓል ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ካሳው ከካምቢዮው ይበልጣል።

በአውሮፕላን፣ በሰው ሻንጣ የሚሄድ ወይም የሚመጣ ከሆነ ካርቡራተርና የቤንዚን ፓምፕ ሽታው እስኪጠፋ ታጥቦ፣ በአየር ተነፍቶ፣ ለቀናት ደርቆ ነው መታሸግ ያለበት። ቤንዚን የሚሸት ዕቃ እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚታይ ከሻንጣ ይወጣል፤ ተሸካሚው ዘመድም በረራው ሊያልፈው ቆሞ ሲያስረዳ ለእናንተ የሚያደርሰው ምርቃት አይደለም።

ክፍያና መመለስ

ከቴሌብር የመጣ የሚመስል መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶ ስለታያችሁ ዕቃ አታስረክቡ፤ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ እዩ።

መመለስን በተመለከተ ከመሸጣችሁ በፊት ጻፉት፦ ስንት ቀን፣ በምን ሁኔታ፣ መጓጓዣው በማን። የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ሦስት ቀን በቂ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን በማይታይ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ፣ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉበትና ነጥቡን ፎቶ አንሱት። ምክንያቱም “መካኒኩ አይሆንም አለ” ብሎ የሚመለሰው ዲናሞ ሁልጊዜ የላካችሁት ዲናሞ አይሆንም። ገዢው ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ጋራዡ ውስጥ ነው የተለዋወጠው። ነጥቧን ስታሳዩት ይደነግጣል፣ ከዚያ ወደ ጋራዡ ይደውላል፤ በዚያ ስልክ መካከል ግን አትግቡ።