ማርሽ ለመልመድ ሙቀጫና ትራስ

መኪና እየተማራችሁ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ቤት ውስጥ ይህን ሞክሩ።

ወንበር ይዛችሁ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በግራ እግራችሁ በኩል ጠንከር ያለ ትራስ ግድግዳው ላይ አስደግፉ፤ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የግራ ፔዳል) መሆኑ ነው። ለቀኝ እግር ሁለት ነጠላ ጫማ፦ የመሃሉ ፍሬን፣ የዳሩ ነዳጅ። በቀኝ እጃችሁ በኩል ሙቀጫ ከነዘነዘናው አስቀምጡ፤ ዘነዘናው ማርሽ መሆኑ ነው። ቤተሰብ ይስቃል፤ ይሳቅ።

ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ፦ «ነዳጅ ልቀቅ፣ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ቀስ፣ ነዳጅ።» አንደኛ ማርሽ ወደ ግራ ሆኖ ወደ ፊት፣ ሁለተኛ ከእሱ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ሦስተኛ መሃል ላይ ወደ ፊት፣ አራተኛ ወደ ኋላ። ዓይናችሁ ግን ግድግዳው ላይ ከለጠፋችሁት የመንገድ ምልክት አይነቀል። ምልክቱን በየቀኑ ከቀየራችሁት ለጽሑፍ ፈተናውም ያግዛል።

ዋናው ነገር ትራሱ ነው። እንደ ፍሪሲዮን መልሶ ስለሚገፋ ግራ እግር ቀስ ብሎ መልቀቅን ይለምዳል። በአንዴ ሲለቀቅ እኮ ነው መኪናው ዘሎ ሞተሩ የሚጠፋው። እግርና እጅ ቅደም ተከተሉን ካወቁት፣ መኪናው ውስጥ ሐሳባችሁ መንገዱ ላይ ይሆናል፤ በገንዘብ የተከፈለበት ሰዓትም ማርሽ በመፈለግ አያልቅም።

ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ (ሲለቀቅ መኪናው መንቀሳቀስ የሚጀምርበት) ግን ከመኪና መኪና ስለሚለያይ እሱን የምታገኙት መሪ ይዛችሁ ብቻ ነው። የኋላ ማርሽ ቦታም እንደዚያው፤ አሠልጣኛችሁን ጠይቁ። በአውቶማቲክ የምትማሩ ከሆነ ትራሱን ተዉት፤ ግራ እግር እዚያ ሥራ የለውም።