ርካሹ የዘይት ማቀዝቀዣ ማንጠባጠቡን እንዴት አቆመ

ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን ሲነዳ ዘይቱ 130 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ኮሮላ፣ ከፊልትሮው ሥር ማንጠባጠብ ጀመረ። ሲፈታ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ በሞተሩና በፊልትሮው መሀል ገብቶ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚልከው የአዲሱ ማገናኛ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እላዩ ላይ ተቀምጧል! ጎማውን ልጦ፣ ፊቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ ኦሪንጉን ዘይት ቀብቶ ማሰር ብቻ ነበር የፈለገው። ማገናኛው የሚታሰርበት ጥርስ 3/4 ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ያለው፤ ኤም 20 (የ20 ሚሊሜትር ጥርስ) አይገጥመውም፣ በግድ አይሞከር።

ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያመላልሰው ቱቦ ላይ ግን መቆጠብ አያዋጣም። የቤንዚን ጎማ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ) ቢታሰር፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቀዝቃዛው ዘይት በግፊት ይነቅለዋል። ግማሽ ኢንች የሃይድሮሊክ ጎማ ጫፉ በማሽን ተጨምቆ ይሠራ። ለደሴ ብርድ ማገናኛው ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው መንገድ የሚከፍት ቴርሞስታት ያለው ይሁን። ሞተሩን ቴርሞስታቱ እስኪከፍት አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ የጎደለውን ዘይት መሙላት፤ ግማሽ ሊትር ገደማ ይወስዳል።