የቡድሂዝም ፊልሞችን ስንመለከት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከራሳችን ቋንቋ የሚመነጭ ነው። «መነኩሴ» የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር በሕይወት ሳለ ፍትሐት ተደርጎለት ለዓለም የሞተ፣ ቆብ የደፋ ሰው ይታየናል። በ2010 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል የፓልም ዶር ሽልማት ባገኘው የታይላንዳዊው አፒቻትፖንግ ዌራሴታኩል «ያለፉ ሕይወቶቹን የሚያስታውሰው አጎት ቡንሚ» ፊልም ውስጥ፣ ባለታሪኩ ቡንሚ ከሞተ በኋላ ወጣቱ ዘመዱ ቶንግ ይመነኩሳል፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ምሽት ዘመዱ ጄን ወዳረፈችበት ሆቴል መጥቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ጂንስ ሱሪ ለብሶ እራት ሊበላ ይወጣል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ «ቆቡን ጣለ» ይላል። በታይላንድ ግን ወንድ ልጅ ለሞተ ዘመዱ በጎ ሥራ እንዲቆጠርለት ለጥቂት ቀናት ወይም ለአንድ ክረምት መንኩሶ ወደ ቤቱ መመለሱ የተለመደና የሚያስመሰግን ነገር ነው። መነኩሴ ከቀትር በኋላ እንዳይመገብ ስለሚከለከል ቶንግ ደንብ መጣሱ እውነት ነው፤ የጣሰው ግን የዕድሜ ልክ መሐላ አይደለም።

ሁለተኛው ካርማን የፈጣሪ ቅጣት አድርጎ መረዳት ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ኪ-ዱክ በ2003 እ.ኤ.አ. ለእይታ ባበቃው፣ «Spring, Summer, Fall, Winter... and Spring» በተባለው የወቅቶች ፊልም (ርዕሱ ላይ ያለውን ብርዳማ ወቅት «ክረምት» ብሎ የተረጎመ ሰው ዝናብ ይጠብቃል፤ የሚመጣው ግን በረዶ ነው) አንድ ሕፃን በዓሣ፣ በእንቁራሪትና በእባብ ላይ ድንጋይ ያስራል። መነኩሴ መምህሩም ልጁ ተኝቶ ሳለ በጀርባው ላይ ድንጋይ አስሮበት፣ እንስሳቱን ፈልጎ እንዲፈታ ይልከዋል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሞቶ ቢገኝ ድንጋዩን ዕድሜ ልኩን በልቡ ተሸክሞ እንደሚኖር ይነግረዋል። ዓሣውና እባቡ ሞተው ይገኛሉ። «የእጁን አገኘ» ብለን ብናልፈው፣ ከአባባላችን ጀርባ ያለውን ሰማያዊ ፈራጅ ወደ ፊልሙ ማስገባታችን ነው። ካርማ የሚለው ቃል ትርጉሙ ድርጊት ሲሆን፣ ታስቦበት የተደረገ ነገር ያለ ዳኛ፣ እንደ ተዘራ ዘር በአድራጊው ላይ ፍሬውን ያፈራል። ልጁ ጎልምሶ ከወገቡ የወፍጮ ድንጋይ አስሮ በረዶ የለበሰውን ተራራ ሲወጣም የሚያስገድደው ማንም የለም።

በዚሁ ፊልም ሌላ ወጥመድ አለ፤ የሚታየውን ሁሉ እንደ ዘጋቢ ፊልም መቀበል። ልጁና መምህሩ የሚኖሩበት፣ በደቡብ ኮሪያው ጁሳንጂ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው ቤተ መቅደስ ለቀረጻው ሲባል የተሠራ ነው፤ አረጋዊው መምህር ዓይኑንና አፉን በወረቀት ሸፍኖ በጀልባ ላይ ራሱን ማቃጠሉም የኮሪያ ገዳማት ሥርዓት አይደለም።

በመጨረሻም ዝምታና ዝግታ ያለበትን ፊልም ሁሉ ቡድሂስታዊ ማለት፣ ጫጫታ ያለበትን ደግሞ ከቁጥር ማውጣት አይገባም። የቡታኑ ላማ (የቲቤት ቡድሂዝም መምህር) ኪዬንትሴ ኖርቡ በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ዋንጫው» (The Cup) የተባለ ፊልም በሕንድ አገር ገዳም ስለሚኖሩና የ1998ቱን የዓለም ዋንጫ ለማየት ቴሌቪዥን ስለሚከራዩ ልጅ መነኮሳት የሚተርክ፣ ሳቅና ሁካታ የሞላበት ነው። ለኪራዩ ገንዘብ ሲባል አንዱ ልጅ የእናቱን ስጦታ፣ ሰዓቱን፣ በመያዣነት ይሰጣል፤ ኳስ ወዳዱ ኦርግየንም በጓጓለት ጨዋታ መካከል የዚያ ልጅ ሐዘን እረፍት ነስቶት፣ ሰዓቱን የሚያስመልስበትን ንብረት ከራሱ ዕቃ መካከል ሊፈልግ ተነሥቶ ይሄዳል።