ከኬሚካሉ በፊት ውሃው፦ የውሃ ቁንጫ ላይ የ48 ሰዓት ሙከራ እንዴት ይሠራል

አዲስ ሰው ወደ ላብራቶሪያችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኬሚካሉ የታለ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ይዤው የምሄደው ወደ ውሃው ነው። ትንሽ ያኮርፋል። ምን ላድርግ፣ ከተበላሹብኝ ሙከራዎች አብዛኞቹ የተበላሹት የኬሚካሉ ጠርሙስ ገና ሳይከፈት ነው።

ሥራው ምን መሰላችሁ? አንድ የፋብሪካ ኬሚካል ወንዝ ወይም ሐይቅ ቢገባ፣ እዚያ ያሉትን አከርካሪ የሌላቸው ጥቃቅን እንስሳት በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደሚጎዳ መለካት ነው። ለዚህ በብዛት የምንጠቀመው ዳፍኒያ ማግናን ነው፤ የውሃ ቁንጫ የምትባለዋን። ቁንጫ ትባል እንጂ ዘመዶቿ እነ ሽሪምፕ ናቸው። እሷ አልጌ ትበላለች፣ እሷን ደግሞ ዓሣ ይበላታል። አሠራሩ ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ባወጣው መመሪያ ቁጥር 202 ላይ ሰፍሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ተጠቀሙ።

ወደ ውሃው እንመለስ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ስለዚህ እርሱት። ንጹሕ የተጣራ ውሃ ወስዳችሁ በአንድ ሊትር 294 ሚሊግራም ካልሲየም ክሎራይድ፣ 123.25 ሚሊግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ 64.75 ሚሊግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት እና 5.75 ሚሊግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምሩ። የመጀመሪያው ጨው በክሪስታሉ ውስጥ 2፣ ሁለተኛው ደግሞ 7 የውሃ ሞለኪውል የያዘው ዓይነት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ። ካልሆነ ሚዛኑ ይዛባል። ከዚያ አየር ንፉበትና ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ለማርቢያ የሚዘጋጁት ኤም4 እና ኤም7 የሚባሉት ውሃዎች ግልገል ለሚወልዱልን እናት ዳፍኒያዎች ጥሩ ናቸው። ብረታ ብረት ለመፈተሽ ግን አይሆኑም፤ ውስጣቸው ያለው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ብረቱን አስሮ መርዝነቱን ይደብቀዋል።

አንድ ጊዜ ምንም ኬሚካል ባልነካው ማነጻጸሪያ ውስጥ ከ20 እንስሳት 7 አለቁብኝ። የሚፈቀደው ከመቶ 10 ነው፤ ማለትም ከ20 ውስጥ 2። ምግባቸውን ወቀስኩ። ሙቀቱን ወቀስኩ። አብሮኝ የሚሠራውንም ልጅ በሆዴ ወቀስኩ። ሦስት ሳምንት ከደከምን በኋላ ነው የተጣራው ውሃ በሚመጣበት መስመር ላይ አዲስ የመዳብ መጋጠሚያ እንደገባ ያወቅነው። ዳፍኒያ መዳብ ጨርሶ አይስማማትም፤ እኛ ስንጠጣው የማይሰማን መጠን እሷን ይገድላታል። ከዚያ ወዲህ ውሃው የሚያልፍበትን ሁሉ በዓይኔ ሳላይ አልጀምርም።

ቀጥሎ እናቶቹ። ዳፍኒያ ሲመቻት ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ ልጆቿም ሴቶች ናቸው። ከጠበባት ወይም ከራባት ግን ወንዶች ብቅ ይላሉ፤ ጀርባዋም ላይ ኮርቻ የመሰለ ጥቁር የእንቁላል ማኅደር ይወጣል። ያን ካያችሁ በዚያ መንጋ ሙከራ አትጀምሩ። የመጀመሪያ ወሊድ ልጆችንም ተዉአቸው። ሙከራው ሊጀመር ሲል፣ በዋዜማው ማታ እርጉዞቹን ወደ ንጹሕ ዕቃ ለዩ። ጠዋት የምታገኟቸው ግልገሎች በሙሉ ከ24 ሰዓት በታች ናቸው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ቁጥሩን አስቀድማችሁ አስሉ። አምስት የኬሚካል መጠንና አንድ ማነጻጸሪያ፣ ለእያንዳንዱ አራት ቢከር (ትንሽ የላብራቶሪ ብርጭቆ)፣ በየቢከሩ አምስት ግልገል። 24 ቢከር፣ 120 ግልገል ማለት ነው። እኔ 150 ሳላይ አልነሳም፤ ሲቀዱ የሚጎዱ አይጠፉም። ለእያንዳንዷ ቢያንስ 2 ሚሊሊትር ውሃ ያስፈልጋል፣ እኔ ግን ሰፋ አድርጌ በየቢከሩ 50 ሚሊሊትር እቀዳለሁ።

መጠኖቹን ለመምረጥ መጀመሪያ በጥቂት እንስሳት ሰፋ ያለ ቅድመ ሙከራ አድርጉ፤ 0.1፣ 1፣ 10፣ 100 ሚሊግራም በሊትር። ጉዳቱ የት እንደሚጀምር ካወቃችሁ በኋላ በዋናው ሙከራ እያንዳንዱ መጠን ከበፊቱ ከ2.2 እጥፍ አይብለጥ። 100 ላይ ምንም ካልሆኑ፣ በዚያ መጠን ብቻ ከማነጻጸሪያ ጋር አንድ ሙከራ ይበቃል።

ግልገሎቹን ስታዛውሩ የፒፔቱ፣ ማለትም የመምጠጫ ቱቦው፣ አፍ ሰፊ ይሁን፤ ጫፉንም ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ልቀቋቸው። ከላይ ካንጠባጠባችኋቸው ቅርፊታቸው ሥር አየር ይገባና እንደ ቡሽ ይንሳፈፋሉ። ጀማሪ ሁሉ ይህን ይሠራል። እኔም ሠርቻለሁ።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሆኖ ከ1 ዲግሪ በላይ ወደላይም ወደታችም አይዋዥቅ። መብራቱ 16 ሰዓት ይብራ፣ 8 ሰዓት ይጥፋ። በ48ቱ ሰዓት ውስጥ ምግብ የለም፣ አየር መንፋት የለም። አንጀታችሁ ቢላወስም አታብሏቸው፤ ምግቡ ኬሚካሉን ይይዘዋል። ቶሎ የሚተን ኬሚካል ከሆነ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት።

በ24 እና በ48 ሰዓት ትቆጥራላችሁ። ዓይን የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቢከሩን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙና 15 ሰከንድ ተመልከቱ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልዋኘች «መንቀሳቀስ አቁማለች» ተብላ ትቆጠራለች። አንቴናዋ ቢንቀጠቀጥም፣ በማይክሮስኮፕ ልቧ ሲመታ ቢታይም ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይራራል፤ «ኧረ አለች እኮ!» ይላል። የምንቆጥረው ግን ሞትን ሳይሆን መዋኘት ማቆሟን ነው። እኔ የቢከሮቹን ቦታ አቀላቅዬ፣ የቱ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው እንዲቆጥር አደርጋለሁ። ማነጻጸሪያው የቱ እንደሆነ ካወቅን ዓይናችን ያዳላል።

መጨረሻ ላይ ኦክስጅኑን ለኩ፤ ከ3 ሚሊግራም በሊትር ከወረደ ሙከራው ዋጋ የለውም። የኬሚካሉንም መጠን ቢያንስ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ላይ በመጀመሪያም በመጨረሻም አስለኩ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ እናንተ ግን በወረቀት ሞክሩት። ለምሳሌ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሚሊግራም ከ20 ውስጥ 0፣ 1፣ 7፣ 16 እና 20 ቆሙ እንበል። ግማሾቹን የሚያቆመው መጠን፣ ኢሲ 50 የምንለው፣ በ4 እና በ8 መካከል፣ 5 ገደማ ላይ ይወድቃል። ኬሚካሎችን በሚመድበው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከ1 በላይ እስከ 10 ያለው ሁለተኛ ምድብ ነው፤ 1 እና ከዚያ በታች የሆነው የመጀመሪያውና አደገኛው። ሶፍትዌሩ 5 ሳይሆን 50 ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል።

መንጋችሁ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ በየተወሰነ ጊዜ መርዝነቱ በሚታወቀው ፖታሲየም ዳይክሮሜት ሞክሩ። የ24 ሰዓቱ ኢሲ 50 ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም በሊትር መሆን አለበት። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን አትተንፍሱት፤ ካንሰር አምጪ ነው። የተረፈውንም ፈሳሽ ወደ ማጠቢያው አትድፉት፣ ለአደገኛ ፍሳሽ በተለየው ጄሪካን ውስጥ ጨምሩት። የተፈተኑትን ዳፍኒያዎች ደግሞ፣ ደኅና ቢመስሉም፣ ወደ እናቶቹ ዕቃ እንዳትመልሷቸው።