ገጠር ሆናችሁ የሞዴል ባቡር ሱቅ ስትፈልጉ እኔ የተሸወድኩትን እንዳትሸወዱ

ድሬ ከዚራ ያደገ ሰው የባቡር ነገር አይወጣለትም፣ እኔም አልወጣልኝም። አሁን የምኖረው ነብራስካ ነው፣ ከኖርዝ ፕላት ብዙም በማትርቅ ሚጢጢ ከተማ። የሚገርመው እውነተኛው ባቡር እዚህ ጉድ ነው፣ ቤይሊ ያርድ የሚባለው የዩኒየን ፓሲፊክ የፉርጎ መደልደያ፣ በዓለም ትልቁ፣ እዚሁ ኖርዝ ፕላት ነው ያለው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሄደው ባቡር ግን አንዲት የሀዲድ ማያያዣ ልግዛ ካላችሁ ዴንቨር አራት ሰዓት፣ ሊንከን ከሦስት ሰዓት በላይ መንዳት ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሳይደውሉ መነሳት ነው። እኔ ጎግል ላይ "ክፍት ነው" ስላለኝ ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ወጣሁ፣ ስደርስ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ "ትሬይን ሾው ሄደናል፣ ማክሰኞ እንመለሳለን"። በቃ። እነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ብቻቸውን የሚያንቀሳቅሷቸው ናቸው፣ ሾው (የሞዴል ባቡር ሻጮችና ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ገበያ) ሲኖር ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፣ ሲያማቸውም ይዘጋሉ። ስትደውሉ ደግሞ "ክፍት ናችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። "ሆቢ ሾፕ" የሚል ሁሉ ባቡር አለው ማለት አይደለም፣ ድሮንና የሪሞት መኪና ሞልቶት ባቡሩ ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ የሆነበትም አለ። የምትፈልጉትን ዕቃ ስም ንገሯቸው፣ መደርደሪያው ላይ በዓይናቸው እንዲያዩትና እንዲያስቀምጡላችሁ ለምኗቸው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

ፍለጋውን ጎግል ማፕ ላይ ብቻ ማድረግም ሌላ ስህተት ነው። ትልልቆቹ የእጅ ሥራ ዕቃ መሸጫዎች ይወጡላችኋል፣ ሄዳችሁ የምታገኙት ሙጫና የገና ጌጥ ነው። ይልቅ አምራቾቹና አከፋፋዮቹ ጋ ግቡ፣ ዋልተርስም ካቶም ዌብሳይታቸው ላይ ዕቃቸውን የሚሸጡ ሱቆችን መፈለጊያ አላቸው፣ ማፑ የማያሳያችሁን ሱቅ እዛ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው እኔን ብዙ ብር ያስከፈለኝ ነው፣ ስኬል (ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት እጥፍ እንደሚያንስ) ሳያውቁ መግዛት። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ያለው ኤች ኦ ነው፣ 1፡87፣ በሀዲዶቹ መሀል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር። ኤን 1፡160 ነው፣ ሀዲዱ 9 ሚሊሜትር። እሺ ይሄ በዓይን ይለያል፣ የእንግሊዙ ኦ ኦ ግን ጉድ ይሠራችኋል፣ ሀዲዱ ያው 16.5 ሆኖ ባቡሩ 1፡76 ነው። እኔ ኢቤይ ላይ ርካሽ ነው ብዬ አንድ ፉርጎ አዘዝኩ፣ ሀዲዱ ላይ ልክክ አለ፣ ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ግን አጎቱ የመጣ ይመስላል፣ መንጠቆውም ከኔዎቹ ጋር አይያያዝም። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ አንድ ፉርጎና አንድ ቁራጭ ሀዲድ በካልሲ ጠቅልላችሁ ያዙ (ካልሲ ምርጥ ነው አቦ)። የሀዲድ ብራንድም ይለያያል፣ የካቶ ዩኒትራክና የባክማን ኢዚ ትራክ ዝም ብለው አይጋጠሙም። የኩርባችሁንም ራዲየስ ጻፉ፣ 18 ኢንች ኩርባ ላይ ረጅሙ የመንገደኛ ፉርጎ ይወድቃል።

ሱቅ ማለት በር ያለው ቤት ብቻ የሚመስለውም ሰው አለ፣ ለገጠር ሰው ግን ትሬይን ሾው ነው ትልቁ ገበያ። ኤን ኤም አር ኤ የሚባለው የሞዴል ባቡር ሰዎች ማኅበር ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው፣ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው፣ እዛ ያሉት ሽማግሌዎች የትኛው ሱቅ እንደተዘጋ፣ ማን ዕቃውን እየሸጠ እንደሆነ ያውቃሉ። ያገለገለ ሎኮሞቲቭ ስትገዙ ብቻ ሀዲድ ላይ ሳታስኬዱት ገንዘብ እንዳትሰጡ።

የመጨረሻው፣ ሱቁ ውስጥ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ ኦንላይን ማዘዝ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አላፍርም፣ ግን ሁሉ ነገር በፖስታ አይመችም። ፍሌክስ ትራክ (እንደፈለጉ የሚታጠፈው ሀዲድ) 3 ጫማ ርዝመት ስላለው ማስላኪያው ውድ ነው፣ ተጣምሞም ይመጣል፣ ስፕሬይ ቀለም በአውሮፕላን ስለማይሄድ ብዙ ሱቅ አይልክም። እነዚህን ከሱቅ አንዴ በርከት አድርጋችሁ ጫኑ። ካፕለር (መንጠቆ)፣ ዲኮደር (ሎኮሞቲቩ ውስጥ ገብቶ ትዕዛዝ የሚቀበለው ቺፕ)፣ ጎማ፣ ትንንሹን ነገር ደግሞ ያው የምታውቁት ሱቅ በፖስታ ይልክላችኋል። ሊንከን መንገድ ላይ ያሉት የኔ ባለሱቅ አሁን ድምፄን ያውቁታል፣ የአዲስ ሞዴል ፕሪኦርደር (ቅድሚያ ትዕዛዝ) ሲከፈት ደውለው "አንድ ልያዝልህ?" ይሉኛል፣ ፋብሪካዎቹ በትዕዛዝ ልክ ስለሚሠሩ ያልያዘ ሰው በኋላ የሚያገኘው ኢቤይ ላይ በእጥፍ ነው። ባለፈው ካዲ የሚባለውን ብራንድ ቁጥር 5 መንጠቆ ሁለት ፓኬት ፈልጌ ደወልኩ፣ ተራ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተው ላኩልኝ፣ ብሩን "ስትመጣ ትከፍላለህ" አሉ።